ኩሽኔታ የሚበላው የኋላ ሞዞ፦ የሁለት ወር የሥራ ማስታወሻ

ሞተሯ ቻይና ሠራሽ ናት፣ 150 ሲሲ። የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር (ሸራዎች ከውስጥ ሆነው የሚይዙት ክብ ብረት) ነው። ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ደርሶ መልስ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። የኋላ ሞዞዋ፣ ማለትም አክስሉ (የጎማው ዘንግ) የሚያልፍበት የጎማው መሃል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) በልቷል። ሦስተኛውን ራሴ ፈትቼ አየዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መስከረም 8

ድምፁ ተመለሰ። ወደ 40 ስደርስ ከኋላ "ግርርር" ይላል። ክላች ይዤ ለቀቅ ሳደርጋት ድምፁ እንዳለ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ወይም ከማርሹ አይደለም፣ ከጎማው ጋር ከሚሽከረከር ነገር ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ኩርባዎቹ ላይ ደግሞ ጭራዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

ጥር ላይ አንድ ጋራዥ፣ ሰኔ ላይ ሌላ ጋራዥ ኩሽኔታ ቀይረውልኝ ነበር። ሁለቱም ጋ ለእጅና ለዕቃ 900 ብር ከፍያለሁ። የሰኔው ሦስት ወር ብቻ ነው የቆየው። የታወቀ ኩሽኔታ በትክክል ከገባ በአስር ሺዎች ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንጂ በሦስት ወር አያልቅም። የሆነ ነገር እየገደለው ነው።

መስከረም 11

እሑድ። በሁለት እግሯ አቆምኳትና የኋላ ጎማውን ላይና ታች በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት፣ ሳብኩት። "ቀጭ ቀጭ" ይላል። በግራና በቀኝ ይዤም እንደዚያው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኋላ ሹካዋ፣ ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ ማጠፊያው ላይ ያለው ቡሽ ካለቀም ጎማው ይነቃነቃል። ለመለየት አንድ ሰው ሹካውን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ጎማውን ይግፋ። ሹካው ሳይንቀሳቀስ ጎማው ብቻ ከተነቃነቀ ችግሩ ሞዞ ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሜ ያዘልኝ። ሹካው ደህና ነው።

ሌላ ያየሁት፦ ጎማውን በእጄ ሳሽከረክረው ካቴናው (ሰንሰለቱ) አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይላላል። ለጊዜው ጻፍኩትና አለፍኩ።

መስከረም 18

መስቀል አለፈ፣ ሱቅም ተከፈተ፣ ዛሬ ፈታኋት። በረንዳ ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ ነው የሠራሁት። የተጠቀምኩበት ዕቃ፦ የ22 እና የ19 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ረጅም የብረት ዘንግ፣ የድሮ ካሊፐር (ሚሊ ሜትር መለኪያ)።

መጀመሪያ የፍሬኑን ዘንግ ዳዶ ፈታሁ። ቀጥሎ የፍሬን ሳህኑን ከሹካው ጋር የሚያስረውን ክንድ። ኮፒሊያው (ዳዶ እንዳይፈታ የሚሰካው ቀጭን ፒን) ዝጎ ተሰበረ፣ አዲስ መግዛት አለብኝ። ከዚያ የአክስሉን ዳዶ ፈትቼ አክስሉን በእንጨት እየመታሁ አወጣሁት። በብረት ብመታው ዳዶው የሚጠመዘዝበት የአክስሉ ጥርስ ይጨፈለቅና ዳዶ አይቀበልም። ቡሾቹንና ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ሰካኋቸው፣ ፎቶም አነሣሁ። ይህ ፎቶ በኋላ ብዙ ጊዜ አድኖልኛል።

ጎማው ወጣ። በአንድ በኩል ሰንሰለት የሚይዘው ጥርስ ከነተሸካሚው ከጎሚኒዎቹ (ንዝረት ከሚቀበሉት የጎማ ቁርጥራጮች) ላይ ተነቀለ። በሌላው በኩል የፍሬን ሳህኑ ከነሸራው። ታምቡሩ ውስጥ ጥቁር ብናኝ ሞልቷል። አልነፋሁትም። የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ በተለይ የድሮው፣ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር መንፋት ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት።

ሞዞው ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ የጥርሱ ተሸካሚ ውስጥ አንድ። የሞዞዎቹ ቁጥር 6302 ነው፦ ውስጡ 15፣ ውጩ 42፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር። የተሸካሚው 6204 ነው፦ 20 በ47 በ14። ቁጥሩ ዓለም ላይ አንድ ስለሆነ የሞተሩ ስም ሳይጠራ በቁጥሩ ብቻ ይገዛል። ሦስቱንም በጣቴ ሳሽከረክራቸው አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ናቸው። አንዱ ቡናማ ውሃ ተፋ።

ውሃው ከየት ገባ? ከላቫጆ ይመስለኛል። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ጭቃዋን በግፊት ውሃ አሳጥቤያታለሁ። ኦይል ሲሉ (ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለው የጎማ ቀለበት) የሚንጠባጠብ ዝናብ ይችላል፣ ከቅርብ የሚረጭ የግፊት ውሃ ግን አይችልም። ሲሉም ከንፈሩ ተበልቶ እንደ ሸራ ደርቋል።

ጥፋተኛው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። በዚህ ደስታ ተቻኩዬ በሁለቱ የሞዞ ኩሽኔታዎች መሃል ያለውን ቱቦ ሳልለካ አለፍኩት። የሁለት ወር ሥራ የሆነው በዚች አንድ ስህተት ነው።

መስከረም 19

ደሴ ውስጥ ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ዞርኩ። 6302 በሁለት ዋጋ አለ፦ በ280 ብርና በ950 ብር። ርካሹ ክፍት ነው፣ ሽፋን የለውም፣ ግራሶ ራስህ ትሞላለህ። ውዱ በሁለቱም በኩል የጎማ ሽፋን ያለውና 2አርኤስ የተጻፈበት ነው። ባለሱቁ "ወንድማለም፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚወስደው" ብሎ ርካሹን ሰጠኝ። ሦስት ኩሽኔታ 840 ብር። ግራሶ ከበርሜል ተመዝኖ 120 ብር። ቢጫ፣ ለስላሳ ግራሶ ነው። ሲል አልነበረውም፣ "አሮጌው ይሠራል" አለኝ።

መስከረም 20

ማታ ገጠምኩ። አዲሶቹን ኩሽኔታዎች በመዶሻና በዘንግ ዙሪያውን እየመታሁ አስገባሁ። አንዱ ጠመመብኝ፣ አወጣሁት፣ መልሼ መታሁት። ስመታ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ውስጠኛው ቀለበት ላይ ያርፍ ነበር። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ሞዞ ውስጥ ሲገባ የሚጠብቀው የውጩ ቀለበት ስለሆነ ውስጠኛውን ስትመታ ኃይሉ በሙሉ በኳሶቹ ላይ ያልፋል። ኳሶቹ ሀዲዳቸው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቀርጻሉ። ኩሽኔታው ገና ሳይሄድ ይጎዳል።

ሁለተኛ ስህተት፦ ግራሶውን "ይብዛለት" ብዬ ጠቅጥቄ ሞላሁት። ለጎማ ኩሽኔታ ከክፍት ቦታው ሲሶው ገደማ ይበቃዋል። የተረፈው ይሞቃል፣ ይወጣል።

ድምፁ ግን ጠፋ። በደስታ ነው የተኛሁት።

ጥቅምት 6

ዛሬ ያየሁትን እንዳልረሳው አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። 13 ቀን ነድቻታለሁ፣ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከትናንት ጀምሮ ድምፁ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው። ሐረጎን ግማሽ ያህል ወርጄ ከፊቴ ጭነት የያዘ አይሱዙ ነበር። የኋላ ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ወረደ፣ ሞተሯ ግን አልያዘችም። ቅቤ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። በፊት ፍሬን ቀስ እያልኩ፣ ማርሽ ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ እያወረድኩ ጠርዝ ላይ አቆምኳት። እርጥብ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን አጥብቀህ ከያዝክ ትወድቃለህ። እግዜር ነው ያተረፈኝ።

ሞዞው ላይ ከውሃ መያዣዬ ጠብታ ጣል አደረግኩበት። "ጭስ" ብሎ ተነነ። ከታምቡሩ ሥር ቢጫ ቅባት እየወረደ ጎማው ላይ ደርቋል። ያቺ ለስላሳ ግራሶ ቀልጣ ወደ ፍሬን ሸራው ገብታለች።

በአንደኛ ማርሽ እያዘገምኩ ኮምቦልቻ ደረስኩ። ሞተሯን መሥሪያ ቤት ግቢ አቆምኳት። ማታ በሚኒባስ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ በስልኬ አሰላሁት። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሞተሯ፣ እኔና ቦርሳዬ 220 ኪሎ እንሆናለን። ይህን ክብደት 600 ሜትር ማውረድ 1.3 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። አራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። የተወሰነውን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። እኔ ግን ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ኒውትራል አድርጌ ነው የምወርደው። ስለዚህ ሞተሩ ምንም አያግዝም፣ ቀሪው ሙቀት ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። የታምቡሩ ሙቀት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ላለው ኩሽኔታ ይተርፋል። በካልሲየም የተሠራ ተራ ግራሶ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የሊቲየም ግራሶ ከ180 በላይ ይችላል።

ከነገ ጀምሮ በኒውትራል መውረድ ቀረ።

ጥቅምት 8

ከሥራ በኋላ ግቢው ውስጥ ጎማውን ፈታሁ። የፍሬን ሸራዎቹ በግራሶ ርሰዋል። በቤንዚን አጠብኳቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳቸው። ደርቀው ደህና መስለው ነበር። ፀሐይ ላይ ሳቆያቸው ግን ቅባቱ ከውስጥ እንደገና አላባቸው። ሸራ ቅባት ከጠጣ አይታጠብም። ጣልኳቸው።

ጎማውን በሚኒባስ ጭኜ ወደ ደሴ ወጣሁ። ጉልበቴ ላይ ነበር የያዝኩት።

ጥቅምት 9

የዛሬው ቀን ዋናው ነው።

ኩሽኔታዎቹን አወጣሁ። ጎረቤቴ ብየዳ ይሠራል፣ ግራይንደሩን ለምኜ አንዱን 6302 የውጩን ቀለበት ሰነጠቅኩት። መነጽር አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው። የኩሽኔታ ብረት ሲሰነጠቅ ስብርባሪው ይፈናጠራል።

ቀለበቱን ጠርጌ ወደ ብርሃን አዞርኩት። የኳሶቹ ሀዲድ እንደ ቦይ ነው። ኳሶቹ የሄዱበት መንገድ መስታወት የመሰለ አንጸባራቂ መስመር ሆኖ ይታያል። ያ መስመር መሃል ላይ መሆን ነበረበት። የኔው ወደ አንድ ጠርዝ ወጥቷል። በጥፍሬ ስዳስሰው ጠርዙ ጋ ይጎረብጣል፤ ብረቱ እንደ ቅርፊት ተልጧል። ሁለተኛውን ሰነጠቅኩ። እሱም እንደዚያው፣ ግን በተቃራኒው ጠርዝ።

ሁለቱ ኩሽኔታዎች ውስጠኛ ቀለበታቸው እርስ በርስ ወደ መሃል ሲሳብ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳይ ነገሩ ገባኝና ወደ ቱቦዋ ሮጥኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል፣ አክስሉ የሚያልፍባት አንዲት የብረት ቱቦ አለች። የአክስሉ ዳዶ ሲጠብቅ ኃይሉ ከቡሽ ወደ ኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት፣ ከዚያ ወደ ቱቦዋ፣ ከቱቦዋ ወደ ሌላኛው ቀለበት ያልፋል። ሁሉም አንድ ላይ እንደ አንድ ብረት ይቆማል። ኳሶቹ ይህ ኃይል አይነካቸውም። ቱቦዋ ካጠረች ግን ዳዶው ቀለበቶቹን ወደ መሃል ይስባቸዋል። የውጮቹ ቀለበቶች ሞዞው ውስጥ ያለው ደረጃ ላይ አርፈዋል፣ አይንቀሳቀሱም። በመሃል የሚጨፈለቁት ኳሶቹ ናቸው። ዳዶውን ባጠበቅክ ቁጥር ኩሽኔታውን እየገደልከው ነው።

የቱቦዋን ጫፎች አየሁ። አንዱ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተጨፍልቆ በሞረድ ተፈግፍጓል። ኩሽኔታ ሲያወጣ ዘንጉን ቱቦዋ ላይ አሳርፎ የመታ ሰው አለ። የተጨፈለቀው ጫፍ አክስል አላስገባ ሲለው ደግሞ ሞርዶ አስተካከለው። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሞተሯን ያገለገለች ናት የገዛኋት። ብቻ ከዚያ በኋላ የገባ ኩሽኔታ ሁሉ ገና ሲገጠም ነው የተፈረደበት። ውሃውም ሙቀቱም አፋጥነውታል። ሥሩ ግን ቱቦዋ ናት።

በካሊፐር ለካኋት፦ 70.3 ሚሊ ሜትር። ስንት መሆን እንዳለባት ግን አላወቅኩም።

ጥቅምት 14

ቱቦዋን ኪሴ ከትቼ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ያለበት) ሄድኩ። ጁምዓ ስለነበር እስከ 8 ሰዓት ጠበቅኩ። ባለሙያው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቱቦዋን አገላብጠው አዩና፦

"ይህችን አስመስዬ ልሥራልህ?"

"አይ ጋሼ፣ ይህች አጥራለች።"

"በስንት?"

መልስ አልነበረኝም። "በግምት ሁለት ሚሊ ጨምሩባት" ልል ምላሴ ላይ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። "ልጄ፣ በግምት ቶርኖ አይነሣም። ሞዞውን አምጣው። ልኩ ያለው እሱ ጋ ነው።"

ነገ በጠዋት ጎማውን ይዤ ልወርድ ነው።

ጥቅምት 15

ጎማው ለሁለተኛ ጊዜ በሚኒባስ ተጫነ፣ አሁን ደግሞ ሐረጎን ወረደ። ረዳቱ እንደ ሰው ቆጥሮ አንድ ወንበር ሊያስከፍለኝ ነበር፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ተስማማን።

ጋሼ የሞዞውን ሁለት ጉድጓዶች በጨርቅ አጸዱ። በካሊፐራቸው ጭራ ከእያንዳንዱ አፍ እስከ ደረጃው ያለውን ጥልቀት ለኩ። ከሞዞው ጠቅላላ ስፋት ቀነሱት። ሦስት ጊዜ ደጋገሙ፣ እያዞሩ። ከደረጃ እስከ ደረጃ 71.6 ሚሊ ሜትር። የኔ ቱቦ በ1.3 ሚሊ ሜትር አጥራለች ማለት ነው።

ወፍራም የብረት ቱቦ ቆረጡና ቶርኖው ላይ አሰሩት። ልኩን 71.7 አደረጉት። ለምን 0.1 እንደጨመሩ ጠየቅኳቸው። "ትንሽ ብትረዝም ኩሽኔታው ቱቦዋ ላይ ያርፋል፣ አይጎዳም። ትንሽ ብታጥር ግን ይሞታል። ስለዚህ ስህተቱ ወደ መርዘም ይሁን" አሉኝ። ከርዝመቱ ይልቅ የደከሙት ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲተያዩ ነው። ጫፉ ከተንጋደደ አክስሉን ያጎብጣል። በመጨረሻ መስታወት ላይ አቁመው ብርሃን በሥሯ እንዳያልፍ አሳዩኝ። 700 ብር ከፈልኩ። ከሰጠሁት ገንዘብ ሁሉ የረካሁበት ይህ ነው።

እግረ መንገዳቸውን ታምቡሩን ለኩልኝ። ውስጡ ላይ ከፍተኛው 131 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተቀርጿል። አሁን 130.4 ነው። ገና አለው።

ደሴ ስመለስ ኩሽኔታ ገዛሁ። ሁለት 6302-2አርኤስ በ950፣ አንድ 6204-2አርኤስ በ1,100። የታወቀ የጃፓን ማርክ ነው፣ ጽሑፉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ እንጂ በጥፍር የሚፋቅ ቀለም አይደለም። ዜድዜድ የሚል ነበረ፣ ሽፋኑ ብረት ስለሆነ አቧራ ይከለክላል፣ ውሃ ግን ያስገባል። ለኛ ጭቃ 2አርኤስ ይሻላል። ሲል 150፣ የፍሬን ሸራ 650፣ ጎሚኒ 400፣ ግማሽ ኪሎ የሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2፣ 450።

ኩሽኔታዎቹን ከነካርቶናቸው ሦስት ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ እትዬ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳቸው። "ሥጋዬ ላይ እንዳይነካ እንጂ ይደር" አሉኝ።

ጥቅምት 16

ከንጋቱ 12 ሰዓት። ውሃ አፈላሁ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ሞዞው ሞቆ፣ ኩሽኔታው ቀዝቅዞ ከሆነ መዶሻ አያስፈልግም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ ከፍታው ስለሚያሳንሰው 92 ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ፎጣ በፈላ ውሃ እየነከርኩ ሞዞው ላይ ጠመጠምኩ፣ አራት ጊዜ ቀያየርኩ። እጅ የማያስነካ ሲሆን ፎጣውን አንሥቼ ጉድጓዱን በፍጥነት አደረቅኩ። የመጀመሪያውን ኩሽኔታ ከፌስታሉ አውጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። አሮጌ ኩሽኔታ ከላዩ ደርቤ በመዳፌ ተጫንኩ። "ቶክ" ብሎ ደረጃው ላይ አረፈ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ገልብጬ ቱቦዋን አስገባሁ። ሁለተኛውን ኩሽኔታ እንደገና አሙቄ፣ በውጩ ቀለበት ብቻ እየገፋሁ፣ ቱቦዋን እስኪነካ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ፈተናው፦ ካቻቢቴ አስገብቶ ቱቦዋን መግፋት። ጠንከር ብለህ ስትገፋት መንቀሳቀስ አለባት፣ ብቻዋን ግን መንኳኳት የለባትም። እንደዚያ ሆነች። ሁለቱን ኩሽኔታ በጣቴ አዞርኩ። ሐር ናቸው።

የተሸካሚውን 6204ም በዚሁ መንገድ። አዲሱን ሲል ከንፈሩን በትንሽ ግራሶ ቀባሁት። ሸራዎቹን የሚከፍተውን የፍሬኑን ካም ዘንግ አጽድቼ ስስ ግራሶ ነካ አደረግኩበት። ከዚያ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው ሸራዎቹን የነካሁት። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች ተሰንጥቀው ነበር። ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጥ የምሰማው "ቋ" የሚል ድምፅ ከነሱ ነበር።

ረፋድ ላይ ጎማውን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ግቢው ውስጥ ገጠምኩት። መጀመሪያ የፍሬን ክንዱን በአዲስ ኮፒሊያ አሰርኩ። ይህ ክንድ ካልታሰረ ፍሬን ስትረግጥ ሳህኑ አብሮ ይዞራል፣ ጎማው ይቆለፋል። የሚረሳ ነገር አይደለም።

የአክስሉ ዳዶ በመመሪያው ከ55 እስከ 65 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) የለኝም። የእህል ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስኩ። ቁልፉ ላይ ከዳዶው መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ለክቼ ሚዛኑን አንጠለጠልኩና 20 ኪሎ እስኪያሳይ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። 20 ኪሎ በ30 ሳንቲ ሜትር 59 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በእግሬ ቆሜበት ነበር የማጠብቀው።

ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ጎማውን ገፋ አደረግኩት። ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆይቶ ቆመ። ባጠረችው ቱቦ ጊዜ ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው ይከብድ ነበር። ያኔ "አዲስ ስለሆነ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ቢሆን እዚያው ላይ እፈታው ነበር።

ካቴናውን 25 ሚሊ ሜትር ልቅ አድርጌ አስተካከልኩ። ሹካው ላይ ያሉትን ምልክቶች አላመንኩም፣ ከሹካው ማጠፊያ እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል በሜትር ለካሁ። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ነበር።

ጥቅምት 17

የመጀመሪያ ቀን። በሦስተኛ ማርሽ፣ ኩርባዎቹ ጋ በሁለተኛ እየወረድኩ ሞተሩ እንዲይዛት አደረግኩ። ፍሬን የነካሁት ከኩርባ በፊት አጠር አጠር አድርጌ ነው። ታች ስደርስ የውሃ ጠብታዋን ጣልኩ። አልጮኸችም። ሞዞው ለብ ብሏል፣ እጅ ያስነካል። ድምፅ የለም።

ኅዳር 7

800 ኪሎ ሜትር አልፏል። ዛሬ በሁለት እግሯ አቁሜ ፈተሽኳት። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አትነቃነቅም። ጎማው ሲዞር ጆሮዬን ሹካው ላይ አስደግፌ ሰማሁ፣ የካቴናው ብቻ ነው። ዳዶውን በሚዛኑ ደገምኩት፣ አልላላም። ከታምቡሩ ሥር ቅባት የለም።

ሂሳቡ፦ የመጀመሪያው ዙር 960 ብር፣ ሁሉም ተጣለ። ሁለተኛው ዙር ኩሽኔታ 3,000፣ ቱቦ 700፣ ሸራ 650፣ ግራሶ 450፣ ጎሚኒ 400፣ ሲል 150፤ በድምሩ 5,350። ሞተሯ በቆመችባቸው ቀናት የሚኒባስ 1,320። ጠቅላላ 7,630 ብር። ቱቦዋን መስከረም 18 ለክቼ ቢሆን የመጀመሪያው 960 እና የሸራው 650 ይተርፉኝ ነበር፣ ሐረጎ ላይም እንደዚያ ባልደነገጥኩ።

መታጠቢያ ላይ አሁን ልጁን "ከሞዞው ራቅ አድርገህ" እለዋለሁ። መሃሉን ራሴ በባልዲና በብሩሽ ነው የማጥበው።

የቀረ ሥራ አለ። መስከረም 11 የጻፍኩት የካቴናው መጥበቅና መላላት አልጠፋም፣ ስለዚህ ከሞዞው አልነበረም። የኋላው ጥርስ ጫፎቹ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ጎን ተጣምመዋል። ካቴናውንም ከጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ስስበው ግማሽ ጥርስ ያህል ይነሣል። ሁለቱንም የፊቱን ጥርስ ጨምሬ አንድ ላይ ነው የምቀይረው፣ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። ዋጋ ጠይቄ በሚቀጥለው እሑድ እጀምራለሁ። አሮጌዋን ቱቦና የተሰነጠቀውን ቀለበት ጋሼ ጋ ወስጄላቸዋለሁ። ለልምምድ የሚመጡ ልጆች እንዲያዩት ቶርኖው አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅለውታል።